የመነሻ ሰነድ

አሽዶድ፣ የጉምሩክ ቢሮ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ከመስኮቱ ማዶ ክሬን አንገቱን አስግጎ ወደ ሰማይ፣
እኔ ወንበር እቆጥራለሁ።
አምስት ለኅብረቱ፣ አምስት ደግሞ ለእኛ፣
ለመዝገብ ጸሐፊዋ ግን ከጥጉ፣ ያለ ጠረጴዛ፣ ብቸኛ።
ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ደረቴ ላይ ያለው ስም ሐዳሳ ይላል።

ኅብረቱ ሃያ ሰባት እጅ ነው፣ በአንድ ብዕር የሚጽፍ፤
አንዱ «ያሳስበናል» ሲል፣ አንዱ «በጥልቅ» የሚለውን ሊያተርፍ፣
አንዱ ዐረፍተ ነገሩን ሊያስቀር፣ አንዱ ነጠላ ሰረዝ ሊገድፍ፣
ሌሊቱን ሙሉ ተሟግተው፣
ጠዋት የሚደርሰን ግማሽ ገጽ ነው፣ ከመታሸት ብዛት ለስላሳ፣
እንደ አሮጌ ብር ጠርዙ የሳሳ።

«ጎረቤት» ይሉናል። ባሕር ነው አጥራችን።
እሳት አንጫጫርም፣ ጨው አንበዳደርም፣ አይተያይም በራችን፤
ቢሆንም ጎረቤት ጎረቤት ነው፤
ወቀሳውን በመርከብ ልኮ፣ በዚያው መርከብ ይጭናል ብርቱካን፣
ሲቆጣ ሂሳብ አይዘጋም፣ ሲስቅም አይረሳም ሚዛን።

ወይዘሮ ኢልዜ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ፣
የመንደሮችን ዝርዝር አወጣች፣ አንድ በአንድ ነጥላ።
«ይህ የፖስታ ቁጥር ከመስመሩ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?»
አለች፣ ድምፅዋ ዝግ ብሎ፣ እንደ ሐኪም መጠየቂያ።
ሹማችን ናፍታሊ ውሃውን ጠጣ፣ እንደገና ቀዳ፤
«ፍሬ ፍሬ ነው» አለ። «መሬቱስ?» አለች።
ዝምታው በመካከላቸው ተቀመጠ፣ እንዳልተከፈለ ዕዳ።

መስመሩ በካርታቸው ላይ በአረንጓዴ ተሰምሯል፤
በምድር ላይ ግን አረንጓዴ የለም፤
ድንጋይ አለ፣ ኬላ አለ፣ ከፀሐይ በታች ሰው ተሰልፏል።
የእሱ ስም በየትኛውም ሰነድ ላይ የለም።

ከናሙናው መካከል አንድ ካርቶን ተከፈተ፤
ሽታው ቀድሞ ወጣ፤ የሁሉም ፊት ተፈታ፣ ክርክሩም መንገዱን ሳተ።
«ምን ይባላል?» አለች ኢልዜ። ናፍታሊ በዕብራይስጥ ነገራት።
እኔም ከጥጌ «ትርንጎ» አልኩ፣ ሳላስበው፣ አፌ አምልጦኝ፤
የገዛ ስሜን ነው የጠራሁት።

በዘጠኝ ዓመቴ፣ ከአውሮፕላን በወረድን በሳምንቱ፣
ከጠረጴዛ ማዶ አንድ ጸሐፊ፣ ቸኩሏል፣ ረዝሟል ሰልፉና ሰዓቱ፣
«ስምሽ ከባድ ነው» አለኝ፤ «ሐዳሳ» ብሎ ጻፈ፤
መነሻ በሚለው ሣጥን የመንደሬን ስም ሞከረ፣ ሰረዘ፣
«ኢትዮጵያ» ብሎ አለፈ።
አባቴ ፈረደ ሁለት ጊዜ ደገመለት፣ በሦስተኛው ዝም አለ፤
ስንወጣ «ወረቀት ሰው አይወልድም፣ ልጄ» ብሎ፣
እጄን ይዞ መንገዱን ቀጠለ።

ማታ መግለጫው ተነበበ፦ «ውይይቱ ግልጽና ገንቢ ነበር»።
ሃያ ዓመት መዝግቤአለሁ፣ አውቃለሁ ይህ ቋንቋ የሚሰውረውን ነገር፦
«ግልጽ» ማለት ተጣልተዋል፣
«ገንቢ» ማለት ነገም ይመጣሉ።
ተኳርፎ ከሚጠፋ ጎረቤት፣ ተጣልቶ የሚመለስ ይሻላል፣
የእናቴ ወገኖች እንዲህ ይላሉ።

ወንበሮቹን ደራረብኩ። ባንዲራዎቹን ጠቀለልኩ።
የካርቶኑ ጉዳይ ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል፤
ፍሬው ግን ቀጠሮ አያውቅም፣ ከወዲሁ አንድ ጎኑ ለስልሷል።
ኢልዜ ከበሩ ተመልሳ «ያንን ቃል ጻፊልኝ» አለች፤
በካርዷ ጀርባ አራት ፊደል ጻፍኩላት፤
ማንበብ ባትችልም፣ በጥንቃቄ ከቦርሳዋ ከተተች።

ብቻዬን ቀረሁ፣ ቅጹ ፊት ለፊቴ።
መርከቡ ጮኸ፣ ሁለቴ።
«መነሻ» የሚለው ሣጥን ባዶ ነው።
እስክሪብቶዬን ይዣለሁ፤
ወደ ወረቀቱ ግን ገና አላወረድኩትም።