ግራ በር

አርባ ዓመት ጠባሴ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣
ላሜራ ስቀጠቅጥ፣ ስበይድ፣ ስሞርድ ስኖር፣
ጤነኛ መኪና ደጄን ረግጦ አያውቅም፤
ተጋጭቶ ነው የሚመጣው፤ ሲድን አይሰናበትም።

ባለፈው ጥቅምት ግን፣ ነፋሱ ዓይን ሲያስነባ፣
አንድ ባርኔጣ ያጠለቀ ጎልማሳ ካርቶን ታቅፎ ገባ።
«የጽጌ ልጅ ነኝ» አለ። «አባባ አረፈ፤
የእርስዎ የበር ዕዳ ግን ደብተሩ ላይ ተረፈ።»

ጽጌ! ያ ባለ ፔጆ፣ ባለ አራት ዜሮ አራቱ።
ጣርማ በር ላይ ጉም ውጦት፣ ሳይታየው ከፊቱ፣
ከቋጥኝ ተላትሞ ገፍተን ያመጣነው፣
የሾፌሩ በር ታጥፎ ሳምቡሳ የመሰለው።
ነጭ በር ከየት ይምጣ? ከበሬሳ ማዶ ከወደቀ ሬሳ
አረንጓዴ በር ፈትቼ ገጠምኩ፤ ነጩ መኪና ተነሳ።
«ስንት ልክፈል?» አለ። ነገርኩት። «ነገ» አለ።
ሃያ ሰባት ዓመት በዚያች «ነገ» ዋለ።
ባለፈ ቁጥር ብቻ ክላክሱን ይነፋል፣
ከአረንጓዴው በር ላይ እጁን ያውለበልባል።

ካርቶኑን ከፈትኩት።
ያው ፔጆ፣ ግን ተበትኖ፤
መቶ አርባ ስድስት ቁራጭ፣
እንደ ዓሣ አጥንት በየዘንጉ ተሰድሮ።
መመሪያው ቁጥርና ቀስት ብቻ፤ ፊደሉ የማን እንደሆነ እንጃ።
እጄ የለመደው ባለ ሁለት ኪሎ መዶሻ፤
ለዚህ ግን ክንድ ትርፍ ነው፣ ትርፍ ነው ትከሻ።
የዘነበችን የቅንድብ ወረንጦ ሰረቅሁ፤
መነጽሬን በክር አሥሬ አምፖል ሥር ተደፋሁ።

ሙጫው በደብረ ብርሃን ብርድ አልደርቅ ብሎ አስቸገረ፤
ሞተሩ አልጋችን ላይ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ አደረ።
«እኔን እንዲህ ሸፍነኸኝ ታውቃለህ?» አለች ዘነበች።
አላውቅም። ዝም አልኩ። እሷም ሳቋን ሸሸገች።

የገብስ ፍሬ የምታህል የጎን መስታወት አምልጣኝ፣
ሦስት ቀን ወለል አስጠርጋ፣ አልጋ አስገፍታ አደከመችኝ፤
ከካልሲዬ ውስጥ ተገኘች።
የፊቱን ዘንግ ሰበርኩ፤ በጃንጥላ ሽቦ ተካሁት።
የአውራ ጣቴን አሻራ የኋላው መስኮት ላይ ተውሁት፤
ሙጫ ነክቶት ነበር፤ አልለቅ አለ፤ ይኑር።
ኅዳር ሄደ፣ ታኅሣሥ ሄደ፤
ታቦት ወጥቶ እስኪገባ እኔ ከጎማ ጋር ስታገል ነበር።

ከዚያ አለቀች።
ጠረጴዛው ላይ ቆመች፤ ነጭ፣ ልሙጥ፣ ጭረት የሌላት፤
መዳፌን በጎኗ ባሳልፍ አንድ ጎድጓዳ አጣሁላት።
እውነቱን ልናገር? ከፋኝ።
ያልተጋጨ መኪና ምን ይደረጋል?
የማያውቁት እንግዳ ፊት አፍ እንደሚጠፋ፣
እጄ ጠፋኝ።
ዘነበች ጎንበስ ብላ አየቻት።
«ቆንጆ ናት» አለች። «ግን የማን ናት?»

ሌሊቱን አልተኛሁም።
ከግቢው በር የተረፈ ቀለም፣ ከጣሳው ግርጌ የደረቀ፣
በቤንዚን አለስልሼ፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ
የግራውን በር አረንጓዴ ቀባሁት።
እጄ አንዴም አልተንቀጠቀጠ።

ልጁን አስጠራሁት። ገባ። ባርኔጣውን አወለቀ።
ጣቱን አረንጓዴው ላይ አሳረፈ፤
ሳቅ ይሁን ለቅሶ፣ ከጉሮሮው ሳይወጣ አለቀ።
«ውሰዳት» አልኩት።
«እንዴ! ዕዳው እኮ…»
ካርቶኑን አስታቀፍኩት።
«እሺ፣ ስንት ልክፈል?» አለኝ።
ውጭ አንድ ሚኒባስ መብራቱ ረግፎ፣
ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሞ ይጠብቀኛል።
መዶሻዬን አነሳሁ።
«ነገ» አልኩት።