አንድ መሳቢያ

ጣናን ያለበሰው ጉም ገና ሳይገፈፍ፣
ከአንማው ቶርኖ ሥር ይጀምራል መርገፍ
የብረት ፍቅፋቂ፣ ጥምዝ እንደ ጠጉር፤
ዐሥራ ሁለት ዓመት ያው፣ ያው አንድ ነገር፦
የእግር ፓምፕ፣ ሲረግጡት ውኃ የሚያወጣ፣
ስንቱን የፎገራ ሽንኩርት ያጠጣ።

ትንግርት ግን ከመስኮት ሥር በሽቦ ተከብባ፣
ፀሐይን ልትጠምድ፣ ከፓምፕ ልታግባባ፤
ሦስተኛ ሞተሯ ነው፤ ያለፈው ተቃጥሎ፣
ይኸኛው ሲያጣጥር ነፍሱ ተንጠልጥሎ።

እኔ ፈንታነሽ ነኝ፤ ሒሳብ ነው ሥራዬ፤
ለማኅበሩ ሁሉ አንድ ናት መሳቢያዬ።

«ለእኔ ጓርኒሲዮን!» ይላል አንማው መጥቶ፤
«ፓምፔ ተመለሰ ጎማው ውኃ ተፍቶ።
በጅ የያዝነው ወርቅ መዳብ እየመሰለን፣
ላልተወለደ ልጅ ስም እናወጣለን!»

«ለእኔ ሁለት ሞተር!» ስትለኝ ትንግርት፣
«ጎማ ምን ያደርጋል ለደከመ ጉልበት?
ልጁ ባጃጅ ሊነዳ ከተማ ገብቷል፤
ነገ ያንን ፓምፕ ማን ቆሞ ይረግጣል?»

ለሁለቱም ትንሽ ትንሽ ሰጠሁ።
እዚያ ላይ ተሳሳትሁ።
ግማሽ ጓርኒሲዮን ውኃ አይዘጋም፤
ግማሽ ሞተርም አይዞርም።

በጥቅምት ማለቂያ ይርሳው ከወራሚት
ፓምፑን ጭኖ መጥቶ ቆመ ከበራችን ፊት።
«ሊመልሰው ነው» አልሁ፤ ደረሰኝ ፈለግሁ፤
የወቀሳ ቃሉን ልሰማ ቀረብሁ።
እሱ ግን ከቱቦው ጫፍ ጨርቁን ፈታ ፈታ፦
አንዲት የደንገል ቅርጫት አፉ ላይ ተሰፍታ።

«እምቦጩ ነው» አለ፣ «ሥሩ እየገባበት
ጎማውን የሚበላው፤ ይኸው ወንፊት ሠራሁለት።
ሁለት ወር ሆነው፤ ጠብ አላለም እስካሁን።
ፓምፑስ ደህና ነው፤ ምን ላድርገው እግሬን?
ያች የፀሐይዋ... መቼ ትወለዳለች?»
የአንማው ቶርኖ እንኳ ለአፍታ ዝም አለች።

አንማው ቅርጫቷን አገላብጦ አየ፤
ለረጅም ጊዜ ቃል ከአፉ ተለየ።
ትንግርት የተቃጠለ ሞተሯን አንሥታ፣
«የእኔንም የገደለው ይኼው ነው» አለች፣ ቀስ ብላ ተጠግታ።

ያን ማታ መዝገቤን ገለጥሁ። «ነባር» እና «አዲስ»ን የሚለየው መስመር
በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ ነበር።
አልሰረዝሁትም። ከሥሩ ግን ጻፍሁ፦
«ደንገል፣ ሁለት ሸክም»፤ ለማን እንደሆነ ተውሁ።

ውጪ፣ ሐይቁ ላይ ነፋስ ተነሥቷል፤
እምቦጩ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ዳር ይሄዳል፤
ነገ ሌላ አፍ ይዘጋል።