ዛፉ ላይ ያልተጻፈ

የጌንት ሰዎች ወንዙን «ለየ» ብለው ጠሩት፤
ትርጉሙን ሳያውቁ ሥራዬን ሰየሙት።
መለየት ነው እንጀራዬ፤ ቁጥር ከቁጥር፣ ሰው ከሰው።

አዛውንት ማረፊያ፣ ከድልድዩ ማዶ፣
ማን ይወድቃል ሌሊት ከአልጋው ላይ ወርዶ?
ጥያቄው ይኸው ነው። ስምንት መቶ መዝገብ፣
ግፊት፣ ዕድሜ፣ ክኒን፣ ምርኩዝ፣ አመጋገብ፤
ከአልጋው እስከ ማብሪያው ስንት ክንድ እንዳለ፣
በሳምንት ስንት ጊዜ ጠያቂ ብቅ አለ።

ትእዛዙን ጻፍኩና ዛፌን አበቀልኩት፣
ሥሩን ወደ ሰማይ ገልብጬ አቆምኩት።
ከሥሩ ላይ «ክኒን፣ ከአምስት ይበልጣል?»
አዎ ባይ በግራ፣ አይ ባይ በቀኝ ይወጣል።
ከዚያ ዕድሜ። ከዚያ ግፊት። ከዚያ ቅጠል፦
«ይወድቃል»፤ «አይወድቅም»፤ ሌላ መልስ አይችል።

ከዛፉ አንደበት አወጣሁ ዝርዝሩን፣
ማን ስንት እንደ ሠራ፣ ይናገር ምስጢሩን።
አንደኛ፦ ክኒኖች። ይህን ጠብቄአለሁ።
ሁለተኛ፦ ጠያቂ። ዓይኔን አሻሽቻለሁ።
ጠያቂ የሚል ስም ዛፉ ላይ የት አለ?
ከሥር እስከ ቅጠል አንድም ቦታ የለ።
አንድም ጥያቄ እንኳ በስሙ ሳይጠየቅ
በምን ሥራው ይሆን ከዕድሜ የሚልቅ?

ሊቨን ኮቱን እየለበሰ፦ «ተተኪ ነው» አለኝ፤
«የክኒኑ ቁጥር ከመዝገቡ ሲጎድል
እሱ ነው በቦታው ቆሞ የሚያከፋፍል።
ባይጎድልም እንኳ፣ የጥላው ሥራ ይታሰብለታል።»

ማታ ድልድዩን ተሻግሬ ኮሌታን አገኘኋት፣
የሌሊት አስታማሚ፤ ስለ ዛፉ ነገርኳት።
«እሱማ» አለችኝ፣ ጓንቷን እያወለቀች፣
«ጠያቂ የሌለው ሰው ሆዱን የሚነግረው ለሐኪሙ ነው፤
ሐኪሙ ደግሞ እጁ ላይ ያለው ክኒን ነው።
ይህን ለማወቅ ነው ዛፍ የተከልከው?»

ክፍል አሥራ ሁለት። አሺል፣ የጥንት ጀልበኛ።
ከሆስፒታል ሲዛወር የክኒኑ ገጽ ጠፍቶ፣ ጠያቂው ዜሮ፣
ዛፌ በተተኪው መንገድ ወደ ግራ አዙሮ
«ይወድቃል» ብሎ ጽፎበታል ከጥቅምት ጀምሮ።
መጋቢት ገባ። አሺል አልወደቀም።
ኮሌታ ሥራዋ ሲያበቃ ቶሎ አትሄድም፤
አልጋው ጠርዝ ተቀምጣ ታስወራዋለች ስለ ጀልባ፣
በ«ለየ» ላይ ስላለፈ ስንትና ስንት ጭነት ተልባ።
ጠያቂ አይደለችም፣ መዝገብ አትፈርምም፤
እኔም በሠንጠረዤ ዓምድ አልሰጠኋትም።

ዝርዝሩን ዛሬ ጠዋት ለኃላፊዎቹ ላክሁት፦
ክኒን፣ ጠያቂ፣ ዕድሜ፣ ግፊት፤ በተራ ደረደርኩት።
ከግርጌ አንድ ባዶ መስመር ተውኩ።
ሊቨን «ስህተት ነው?» አለኝ።
መልስ አልሰጠሁትም። በመስኮቱ ወንዙ ይታየኛል፣
ከድልድዩ ምሰሶ ላይ ለሁለት ተከፍሎ
ከታች ይገናኛል፣ ምንም ያልለየ መስሎ።