ጀልባ

ባቡር አምልጦኝ ነው የፖላንዷ ውጅ ያደርሁት፤
ጥላሸት የጠገበ ጡብ ነው ያየሁት፣
ጭሱ የከዳውን ጭስ ማውጫ ነው የቆጠርሁት።

ውጅ ማለት ጀልባ ነው፤ ወንዙ ግን የት አለ?
ፋብሪካ ጠጥቶት ከአስፋልት ሥር ዋለ።

ግራዢና፣ ድሮ ሸማኔ፣ ዛሬ ካፖርት ተቀባይ፣
በዚያው ፋብሪካ ውስጥ፣ በሥዕል ቤቱ ደጃፍ ላይ፣
መኪናው ጆሮዋን ስለወሰደው ጮኻ ነው የምታወራ፦
«ያን ቀይ ሥዕል አየኸው? አራተኛው መስኮት፣ የኔ ስፍራ!
ልጁ ቀለሙን ስቶ እኔ ነኝ ያረምሁት፤
የማጉን ቅላት እኔ በሳንባዬ ነው የተማርሁት።»

ቲኬቴን ቀየርሁ።
ይኸው አራት ክረምት።

ጣሪያው ያፈሳል፤ ባልዲ ከሥዕል ጎን ይቀመጣል፣
ጎብኚም ባልዲውን ዞሮ ዞሮ ያደንቃል።
ምድር ቤት አንድ ጎረምሳ ጥሩንባ ይለማመዳል፣
ሁልጊዜ አንዲት ድምፅ ላይ፣ እዚያችው ላይ፣ ይስታል፤
ያቺን ስህተት ካልሰማሁ እንቅልፍ ይርቀኛል።

ቆንጆ ናት አልልም።
ዝናብ ሲያድር ግን፣ ማንም ሳያየኝ፣
በጉድጓዱ ክዳን ላይ ጆሮዬን ጣል ሳደርግ፣
የቀበሩት ወንዝ ከሥር ያጉረመርማል፤
መንገዱም ከእግሬ በታች
በጥቂቱ ይንሳፈፋል።