ሦስት ፐርሰንት

ከሹም አቦ በታች፣ አንማው ጌም ቤት ውስጥ፣
ትንኝ ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ ሲያፈጥ፣
ዋሻ እንወርዳለን፣ ጭጋግ የዋጠው፤
መልክ የለን፣ ፊት የለን፣
ከጠመንጃው ኋላ እጃችን ብቻ ነው።

ይበልጣል አይወደው፦ «ምን ዓይነት ጦርነት!
ሩብ ሰዓት ሄጄ አንዴም አልተኮስኩበት።
ጥይቱ እንደ ኪኒን ተቆጥሮ ይሰጣል፤
ለዚህ ከመክፈልስ ከረንቡላ ይሻላል።»

ውባለም ጆይስቲኩን ከጉልበቷ ሳትለቅ፦
«ዝም በል፤ ይኼ ጌም በተኩስ አይደል የሚደምቅ።
ጣሪያው ሲያንጠባጥብ ጆሮህን ስጠው፤
ጭራቁ ከመጣ ፍርሃቱ ያልቃል፣
ሊመጣ ሲል ነው እንጂ እጄን የሚያልበው።»

ስሜነህ፣ አምስቴ የጨረሰው ልጅ፣
መጨረሻውን ያውቃል፤ አይናገርም እንጂ።

ድርግም። መብራት ሄደ።
ሴቭ ያደረገ የለም፤ የተሳደበም የለም።
በቆርቆሮው ስንጥቅ ጣና ገባ በቀስታ፦
ደንገሉ ሲፋተግ፣
አንድ ከባድ ነገር ውሃውን ሲመታ።
«ማነው?» አለ ይበልጣል፣ ድምፁ አንሶ፣ በሹክሹክታ።
«ጉማሬ ነው» አለ አንዱ። «ታንኳ ነው» ሌላው።
ውባለም ሳቀች፦ «አየህ? አሁን ገባህ ጌሙ።»

አንማው ስልኩን አበራ፤ እጆቻችን ብቻ ታዩ።
ባትሪውን እንደ ጥይት ቆጠረ፦ «ሦስት ፐርሰንት።
ማን ይቅደም ወደ ደጅ?»