ሳይጸድቅ

ማኽሉፍ በያጁ፣ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር የቀረው፣
ከኢየሩሳሌም የመጣውን ወረቀት በግሪስ እጁ ዘረጋው።
«አቡሃይ፣ አንተ ፊደል አትፈራም፤ በል እስቲ አንብበው።»

አነበብኩ፦
«ቧንቧዎችን ከመሬት መንቀጥቀጥ ለመጠበቅ የተዘጋጀ ረቂቅ።
አንቀጽ አራት። ስንጥቁን የሚያቋርጥ ማንኛውም መስመር
ምድር ስትንቀሳቀስ በራሱ የሚዘጋ ቫልቭ ይኖረዋል።
አንቀጽ አምስት። ይህ የሚፈጸመው በሰባት ዓመት ውስጥ፣
በጀት ሲፈቀድ፣ እንደ አስፈላጊነቱ።»

ማኽሉፍ ሳቀ። «እንደ አስፈላጊነቱ!
የሚያስፈልገው ለኛ ነው ወይስ ለስንጥቁ?»

የቤት ሼአን ሰዎች ነን፤
ከጊልቦዓ ተራራ ሥር፣ ሐሩር ብረት በሚያነድበት፣
በዓሣ ኩሬና በተምር ማሳ መሐል ቢጫ ምልክት እየቆጠርን
በየማለዳው የምንሄድበት።
ከእግራችን በታች፣ ሜትር ከሃያ ጠልቆ፣
ጋዙ ይሮጣል ድምፁን ደብቆ።
ከጋዙም በታች ሌላ አለ።
እሱ አይሮጥም፤ ተኝቶ ይገፋል፣
በዓመት አንዲት ምስር ታህል ያልፋል።

እኔ በአውሮፕላን መጣሁ።
ስምጡ ግን ከአፋር ተነስቶ፣ በቀይ ባሕር ሥር ለሥር፣
ያለ ፓስፖርት፣ ያለ ቃለ መጠይቅ፣
«ዘርህ ከየት ነው?» የሚለው ሳይኖር
ቀድሞኝ እዚህ ደርሶ ተኝቷል።

ከሥራ ስመለስ በጥንቷ ከተማ በኩል አልፋለሁ።
ጥቂቱን ዓምድ ለጎብኚ አቁመውታል፤
የቀረው እንደወደቀ ነው፣ ሺህ ከምናምን ዓመት፣
ጎን ለጎን፣ ራሱን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሮ።
በአንዲት ጠዋት ድምፅ ተሰጥቶ
ሁሉም የተስማማ ይመስላል።

መሐንዲሷ ኦርሊት ለኮሚቴው ልታስረዳ ሄደች፤
ካርታ ይዛ፣ በሙቀት የጎበጠ ቁራጭ ቧንቧ በከረጢት ይዛ።
«መቼ ነው የሚመጣው?» አሏት።
«አላውቅም» አለች።
«ታዲያ ምን ያስቸኩላል?»
ውሃ ቀረበላት። ጠጣች። ውሃው አልተንቀጠቀጠም፤
ይኼም እንደ ማስረጃ ተቆጠረባት።

በኔ ቋንቋ ሰው ይጸድቃል፣ ችግኝ ይጸድቃል፣ ሕግም ይጸድቃል፤
ሰው በሥራው ነው፣ ችግኝ በሥሩ፣
ሕግ በእጅ ብዛት።
ለማኽሉፍ ብተረጉምለት ጭንቅላቱን ነቀነቀና
«ችግኙ ይሻላል» አለኝ፣ «ቢያንስ ሥሩ መሬቱን ያውቀዋል።»

ማክሰኞ ሌሊት፣ ከዘጠኝ ሰዓት ሩብ አለፈ።
መስኮቱ ተንጫጫ፣ አልጋው ፈቀቅ አለ፤
ጣራ ላይ ያለው መብራት በዝምታ ዋለለ።
እግሬ ጫማ ፈለገ፣ እጄ የመኪና ቁልፍ፤
ስደርስ ቀድሞኝ ቆሟል ከቫልቩ ቤት ደጃፍ
በፒጃማ ሱሪ፣ ሲጋራውን ሳይለኩስ በከንፈሩ ይዞ፣ ማኽሉፍ።

በራሱ የሚዘጋ አልነበረም። እኛ ነበርን።
ትልቁን መፍቻ በመንኮራኩሩ አስገብተን
ስልሳ አራት ዙር ዞርን።
እሱ በሞሮኮ ዓረብኛ ቆጠረ፣ እኔ በአማርኛ፤
ዕብራይስጡ ለስብሰባ ቀረ።
ሠላሳኛው ላይ እጁ ዛለ፣ ሠላሳ አንደኛውን እኔ፤
አርባ ስምንት ላይ ማን እንደቆጠረ አላስታውስም።
ስልሳ አራት። ጸጥ።
እንቁራሪቶቹ ኩሬው ውስጥ እንደገና ጀመሩ።

ጠዋት በዜና «መጠነኛ» አሉት።
ረቂቁ ለሁለተኛ ንባብ ተቀጠረ፤
በቀጠሮው ቀን ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም።

ማኽሉፍ ጡረታ ወጣ። ኬክ ተቆረሰ፣
ሰዓት ተሸለመ፣ ያም ሰዓት አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል።
ሲሰናበተኝ መፍቻውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤
ምንም አልተናገረም።

አሁን አንቀጽ አራት ከቤቴ በር ጀርባ ተሰቅሏል፤
ክብደቱ ስምንት ኪሎ።