ውሃው ከየት ይመጣል?

መርከቡ ዴቨንፖርት ሲጠጋ ማለዳ፣
ሰማዩ ግራጫ ነው፣ ንፋሱም እንግዳ።
ብስኩት፣ ውሻችን፣ ሌሊቱን ስታስመልስ አድራ
ከመኪናው ወርዳ ቆመች እግሯ እየፈራ።
ካርታውን ዘረጋ ዳረል በኮፈኑ፣
ጥግ ጥጉን በድንጋይ ጫነና በየጎኑ፣
«ደሴቷ ትንሽ ናት፣ ምርጫው ግን ብዙ ነው፤
የት እንረፍ እስከ ሞት? ንገሪኝ፣ ካርታው ይኸው።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወይን ነበር ያለን፤
ሚልዱራ፣ ቀይ አፈር፣ ወንዙ ያበደረን።
ወንዙ ሲያበድር ደግ፣ ሲያስከፍል ጨካኝ፤
የውሃ ድርሻችንን ሸጥን፣ ገዢው ፊቱን እንኳ ላላሳየኝ።
የመጨረሻውን ተክል ሲነቅል በትራክተር
እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ሳህን አጥብ ነበር፤
የታጠበውን ሳህን ደግሜ ደግሜ፣
ድምፁ እንዳይሰማኝ ቧንቧ ከፍቼ፣ ቆሜ።
ውሃ ያባከንኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤
እስካሁን ያንገበግበኛል ሊትሩን ስቆጥረው።

እህቴ ግሌኒስ በስልክ፦ «በዚህ ዕድሜ ማን ይነቀላል?
ያረጀ ወይን ቢተክሉት ይደርቃል።»
ወይን የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው፤
የሚተከለው ቁራጩ ነው፣ ግንዱን ማን ጠየቀው?
ተጎታቿ ውስጥ አልጋ፣ የእናቱ የግድግዳ ሰዓት፣
አራት የወይን መቀስ።
ለየትኛው ወይን? አልጠየቅሁት።

በየደረስንበት ጥያቄዬ አንድ ነበር፤
በዳቦ ቤት፣ በማደያ፣ በፖስታ ቤቱ በር፦
«ውሃው ከየት ይመጣል?»
ሰው ይስቅብኛል።
ከጣሪያ፣ ከሰማይ፣ ከተራራ ይሉኛል።
የዳረል ግን ሌላ፦ «ሆስፒታሉ ስንት ደቂቃ ነው?»
የደረቱን ስፌት በጣቱ እየነካካው።

በርኒ ሁለት ሌሊት፤ ባሕሩ ከደጅ፣
ሆስፒታሉ ቅርብ፣ ቤቱም የሚበጅ።
ደላላው ወጣት ነው፣ ጫማው ያንጸባርቃል፣
ባሕሩን እንደ ራሱ ከብት ያሻሽጣል።
እኔ ግን ባሕር ሳይ ጉሮሮዬ ይደርቃል፤
ያን ሁሉ ውሃ ይዞ አንድ ብርጭቆ ይነፍጋል።

ኩዊንስታውን ዝናብ። ዝናብ። ደግሞ ዝናብ።
ተራራውን ልጦታል የመዳብ ረሃብ።
ቤቱ በመኪናችን ዋጋ ሊገዛ ጥቂት ቀረው፤
«ውሃ ይኸውልሽ!» አለ ዳረል፣ ኮቱን እየጨመቀው።
ሳቅን፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። ግን አልቆየንም፤
በሦስተኛው ቀን ካልሲ እንኳ አልደረቀልንም።

እንደገና ካርታ። እንደገና ጭቅጭቅ።
እሱ «ሐኪም» ሲል፣ እኔ «ጅረት» ስል፣ የሁለታችን ልብ ድርቅ።
ከዚያ ሁዎን ሸለቆ፣ የፖም ዛፎች መሐል፣
ጎማችን ተነፈሰ ቀኑ ሊመሽ ሲል።

ቦቲ ጫማ አድርጋ አሮጊት ብቅ አለች፣
ሳንጠራት፣ ክሪኳን እየጎተተች።
ስሟ ቴልማ ነው፤ ዳረልን ገና ስታየው
«ከንፈርህ ጠቁሯል፣ ተቀመጥ» አለችው።
እኔ ብሎን ስፈታ፣ እሷ ክሪክ ስታነሳ፣
የመንደሩን ወሬ ነገረችኝ አንድ ሳትረሳ፦
የማን በግ እንደጠፋ፣ የቱ አጥር እንደፈረሰ፣
ስንት ፖም በበረዶ አምና እንደፈሰሰ።
ጠየቅኳት ያንኑ፦ «ውሃው ከየት ይመጣል?»
አልሳቀችም እሷ። «ከጣሪያ ታንከር ይወርዳል።
ባለፈው በጋ ግን ታንከሬ ነጠፈ፤
ያኔ በጎረቤት ባልዲ ውሃው አጥር አለፈ።»
«ሐኪሙስ?» አለ ዳረል።
«አርባ ደቂቃ፣ መንገዱም ጠማማ፤
እኔ ሌሊት እነዳለሁ፣ ዓይኔ ደህና ነው በጨለማ።»
ዋሽታለች። ብሎኑን በዳበሳ ነው ያገኘችው።
ዳረልም አይቷታል፤ ዝም ብሎ ግን አለፈው።

አልወሰንንም ያን ማታ። ማለቴ፣ አፍ አውጥተን አልተናገርንም።
ጎማው ተቀይሮ አልቆ፣ ሞተር ግን አላስነሳንም።
ከጉልበቴ ስር ያነጠፍኩት ካርታ ጭቃ ጠጥቶ ነበር፤
ብስኩት ሹልክ ብላ አልፋ የቴልማን አጥር
ከማታውቀው ባልዲ ጠጣች፣ ጠጣች።
ዳረል ጠራት።
ቀና አለች፣ አየችን፣ መጠጣቷን ቀጠለች።